ዘጠኝ ዓመት አንደኛ ክፍል

በሕይወቴ መጀመሪያ ያስተማርኩት ሰው ልጅ አልነበረም። በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት የምትበልጠኝ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ስሟ ደመወዝ መክፈያው ላይ ተጽፎ ይሆናል እንጂ በግቢው ውስጥ የሚጠራው አልነበረም። መነኮሳቱም፣ እኛ ዕጩ መምህራኑም፣ የበሩ ዘበኛም «ተማሪቱ» ነበር የምንላት። ፊት ለፊት ግን «እትዬ» እላታለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ እውነት አሥራ ሰባት ዓመት አድሮም አልጠራም። ሰው «እንዴት አስተማሪ ሆንክ?» ባለኝ ቁጥር ስዋሽ ነው የኖርኩት። ስለ እሷ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

የሠለጠንኩበት ዩኒቨርሲቲ የካቶሊክ መነኮሳት ነበር። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ የሚሠለጥንበትን ክፍል የሚመሩት አንዲት ሲስተር ነበሩ፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ጫማቸው ድምፅ የሌለው። ከኋላችን መቆማቸውን የምናውቀው ፊት ለፊታችን የሚያወራው ጓደኛችን ድንገት ጨዋ ሲሆን ነበር። «መምህርነት ጥሪ ነው» ይሉና በዚያው ትንፋሽ ጥፍራችሁን አሳዩኝ ይላሉ። ጠመኔ አያያዝ፣ ሰሌዳ አጠገብ አቋቋም፣ ለሚያለቅስ ልጅ በምን ያህል ርቀት እንደሚጎነበሱ፣ ሁሉንም በልክ ያስተምሩ ነበር። ከሁሉ በላይ ያስጨነቁን ግን በአንድ ነገር ነው። ጥያቄ ጠይቁ፣ በልባችሁ እስከ ሰባት ቁጠሩ፣ ከዚያ የልጁን ስም ጥሩ። ሰባት ሳይሞላ የተናገረ አስተማሪ፣ እንደ እሳቸው አባባል፣ የልጁን አፍ በእጁ የደፈነ ነው።

የልምምድ ክፍላችን ከጸሎት ቤቱ አጠገብ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ልክ የሆኑ አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ ሰሌዳ፣ ከሰሌዳው በላይ መስቀል፣ ከኋላ የሲስተር ትልቅ ወንበር። በፊት በፊት ዕጩ መምህራኑ ራሳቸው ልጅ እየሆኑ ይለማመዱ ነበር አሉ። አንዱ አልቃሻ ይሆናል፣ አንዱ እንቅልፋም፣ አንዱ ፊደል የማያውቅ። ሲስተር ይሄ አንገሸገሻቸው። «የተማረ ሰው አለማወቅን ማስመሰል አይችልም፤ ፊደል ያወቀ ዓይን እንዳላወቀ መሆን አይሆንለትም» አሉ። ይህን ባሉ በሳምንቱ ኮሪደር ስትወለውል ያገኟትን ሴት ጠሯት።

«አንቺ፣ ማንበብ ትችያለሽ?»

«አልችልም ሲስተር፤ ይቅርታ።»

«ይቅርታ አያስፈልግም። መወልወያሽን አስቀምጪና ነይ ተቀመጪ።»

እንዲህ ሆና ነው ተማሪቱ የሆነችው። በየዓመቱ አዲስ ዕጩ መምህራን ሲገቡ ስድስት ሳምንት የፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ጉልበቷ ከጠረጴዛው በላይ ይወጣል። ከመጀመሪያው ፊደል አንስተን እስከ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እናደርሳታለን። ከዚያ እኛ ወደ እውነተኛ ትምህርት ቤቶች እንሄዳለን፣ እሷ ወደ መወልወያዋ ትመለሳለች። በዓመቱ ሁሉንም ረስታ እንደገና ትጀምራለች። ለእንግዶች ሲያስጎበኙ ሲስተር ይህንኑ ያስረዱ ነበር፤ ስድስት ሳምንት ተምሮ ዓመቱን ሙሉ ያልነካው ሰው ይረሳል ብለው። እኔ ስገባ ዘጠነኛ ዓመቷ ነበር።

እውነቱን ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ጃኬቴን ረስቼ ወደ ልምምድ ክፍሉ ተመለስኩ። ከእኛ አንዱ ወሮበላ ሰሌዳው ላይ «ነገ ክፍል የለም፤ ሲስተር መንግሥተ ሰማያትን ሊቆጣጠሩ ሄደዋል» ብሎ ጽፎ ወጥቷል። ተማሪቱ ሰሌዳ ማጥፊያውን እንደያዘች ፊቱ ቆማ በሳቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«እትዬ፣ አነበብሽው እንዴ?»

ማጥፊያው ከእጇ ወደቀ። «ምኑን?»

«የተጻፈውን።»

«እኔ ምኑን አውቄው! ሥዕሉ ነው ያሳቀኝ።»

ሥዕል የሚባል ነገር አልነበረበትም። ሁለታችንም ሰሌዳውን አየን፣ ከዚያ እርስ በርስ ተያየን። በሩን ዘጋችው።

«በእናትህ ይዤሃለሁ» አለች። «በእናትህ፣ ከአፍህ እንዳይወጣ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። የመጀመሪያ ሁለት ዓመት እውነትም ትረሳው ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሰሌዳ ስታጠፋ አንድ ቃል ራሱ ዘሎ አፏ ውስጥ ገባ። በማግስቱ ሦስት ቃል። ከዚያ በኋላ ሳታነብ ያጠፋችው ሰሌዳ የለም። ለሲስተር ልትነግራቸው፣ ልታስደስታቸው አስባ ነበር። በዚያው ወር ግን የጽዳት ሠራተኞቹ በሙሉ ለአንድ ኮንትራት ድርጅት ተላለፉ። እሷ ብቻ ቀረች፤ ምክንያቱም መዝገብ ላይ «የማሠልጠኛ ረዳት» ተብላለች። የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ልጅ ደግሞ በአጥሩ ማዶ ባለው የመነኮሳቱ ትምህርት ቤት በነፃ ይማራል። አንዲት ልጇ ያኔ መዋዕለ ሕፃናት ገብታለች።

«ማንበብ እንደቻልኩ የታወቀ ቀን ወንበሩ የለም። ወንበሩ ከሌለ ልጄ የለችም» አለች። «ስለዚህ ደደብ ሆንኩ። ደደብ መሆን ቀላል እንዳይመስልህ፤ እናንተ ከምትማሩት ይከብዳል።»

የት ላይ እንደምትደናቀፍ፣ የትኛውን ፊደል ከየትኛው እንደምታምታታ በልኩ ታውቀዋለች። እሷም እኛን ትመዝነን ኖሯል! «የሚያሳዝነኝን ልጅ ቶሎ እገባለታለሁ። ጉራ የሚነዛውን ደግሞ ትንሽ አለፋዋለሁ» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ጠፋ።

«ልጅሽስ ታውቃለች?» አልኳት።

«ልጅ ምስጢር አይቋጥርም። ማታ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ እላለሁ። ስትሳሳት አያለሁ። አላርማትም። ጎበዝ ስለሆነች ግን ብዙ አትሳሳትም፤ ከክፍሏ ሁለተኛ ናት።»

አንጀቴን በላችው። ለማንም አልናገርም ብዬ ማልኩ፣ ቃሌንም ጠበቅሁ። ያጠፋሁት በሌላ በኩል ነው።

እኔ የምታወቀው ሰባት መቁጠር ባለመቻሌ ነበር። ክፍል ውስጥ ዝምታ ሲሆን ጆሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር ይጮህብኛል። ሦስት ላይ ስደርስ ጥያቄዬን እኔው እመልሰዋለሁ። ሲስተር ፊት የምናስተምረውን የማለፊያ ፈተና የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም ወደቅሁ፤ ሁለቱም ቅጽ ላይ ሲስተር «አይጠብቅም» ብለው ጽፈዋል። ሦስተኛው የመጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲያ መሰናበት ነው። ከአምስት ልጆች ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ ብቻ ነኝ። አባቴ ገና ሳልመረቅ ጎረቤቱን ሁሉ «የመምህሩ አባት በሉኝ» ብሎ አስለምዷል። ላም አለኝ በሰማይ እንዲሉ።

በሦስተኛው ፈተና ዋዜማ ኮሪደር ላይ ተማሪቱን ያዝኳት።

«እትዬ፣ የነገው ዓረፍተ ነገር ይሄ ነው» አልኳት። «ልጅቷ ከወንዝ ውሃ ቀድታ መጣች።»

«ምነው ልጄ! እኔ እኮ እንደምችል ታውቃለህ። ለምን ትነግረኛለህ?»

«እንዳትሳሳቺ ብዬ ነዋ።»

«ሂድ ወደዚያ! በሰላም ተኛ። አነብልሃለሁ» አለች።

አሥር ጊዜ ደገምኩላት። ማንበብ ለምትችል ሰው ዓረፍተ ነገር ማስጠናት ምን ይሉታል? ፍርሃት እንጂ ሌላ ስም የለውም። ደግሞ ደንቡን አውቀዋለሁ፤ ለልምምድ ክፍል ተማሪ መልስ አስቀድሞ መስጠት ማጭበርበር ነው፣ ያስባርራል።

በማግስቱ ክፍሉ ሞላ። ጓደኞቼ በትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ተኮራምተው ተቀምጠዋል፤ ሲስተር ከኋላ ናቸው። ቃላቱን በአምስት ካርድ ላይ ጽፌያቸዋለሁ። ሰሌዳው ላይ ከተወጠረው ገመድ ላይ በማስያዣ አንድ በአንድ ሰቀልኳቸው። እንደጨረስኩ ወዲያው ወደ ክፍሉ ዞርኩ። «ማን ያነብልኛል?» ብዬ ጠየቅሁና መቁጠር ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት ላይ ጆሮዬ መጮህ ሲጀምር ጠመኔውን ጨብጬ ሰበርኩት እንጂ አልተናገርኩም። ሰባት ሞላ። «እስኪ እትዬ» አልኩ።

እሷም እንደ ልማዷ እየተንተባተበች ጀመረች። «ልጅ... ቷ... ከወ... ከወንዝ... ው... ሃ... ቀድ... ታ... መጣች።»

ጓደኞቼ አጨበጨቡ። አንዷ ዓይኗን ጠረገች። ሲስተር አላጨበጨቡም። ድምፅ በሌለው ጫማቸው እስከ ሰሌዳው መጡ፣ ጎንበስ አሉ፣ ከጠረጴዛዬ ሥር አንድ ካርድ አነሱ። «ውሃ» የሚለው ካርድ ነበር። ስሰቅለው ከማስያዣው አምልጦ ወድቋል፤ እኔም አላየሁት፣ እሷም አላየችው። ገመዱ ላይ አራት ካርድ ብቻ ነው የነበረው። ትናንት ባላስጠናት ኖሮ ዓይኗ ገመዱ ላይ ይሆን ነበር። ስላስጠናኋት የነገርኳትን ደገመች።

«ሁለታችሁም ወደ ቢሮዬ» አሉ።

ቢሮው ጠባብ ነው። ሲስተር ካርዱን ጠረጴዛው መሃል ላይ አስቀመጡት።

«ፊደል የሚለቅም ሰው የሌለ ቃል አያነብም» አሉ። «ስለዚህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ይህ ልጅ ዓረፍተ ነገሩን አስቀድሞ አስጠንቶሻል፤ ያ ከሆነ ዛሬውኑ ከዚህ ግቢ ይወጣል። ወይ አንቺ የጎደለን ቃል ከሐሳቡ ገምቶ እስከ መሙላት ድረስ ማንበብ ትችያለሽ፤ ያ ከሆነ ስታታልዪኝ ኖረሻል። የትኛው ነው?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ንገረኝ።»

መልሱ አፌ ውስጥ ነበር። አስጠንቻታለሁ ማለት ብቻ ነው፤ እኔ እወጣለሁ፣ እሷ ወንበሯ ላይ ትቀራለች፣ ልጇም በትምህርት ቤቷ ትቆያለች። ሦስትን ማለፍ የማልችለው ሰውዬ ሰባትን አለፍኩ። አሥርን አለፍኩ። አሥራ ዘጠኝ ደርሼ ነበር። ተማሪቱ እያየችኝ ነው። አባቴን እያሰብኩ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ማንንም አላሰብኩም፣ ፈርቼ ነበር።

«እሱ ምንም አላጠፋም ሲስተር» አለች። «እኔ ነኝ። ማንበብ እችላለሁ።»

ሲስተር አላመኗትም። ከመደርደሪያው ወፍራም የቅዱሳን ታሪክ መጽሐፍ አወረዱ፣ በጥናት የተያዘ ነገር እንዳይሆን መሃሉን እንደ ነገሩ ገልጠው ሰጧት። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተቀበለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ለምዶባት ተንተባተበች። ከዚያ ያንን ተወችው። አነበበች። ድምፅዋ እንዲህ ወፍራምና ጥርት ያለ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ገጹን ጨረሰች፣ ራሷ ገለጠች፣ ቀጠለች። ሲስተር «በቃ» አሉ። አልሰማቻቸውም፤ ወይም ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። አንቀጹን ጨርሳ መጽሐፉን ዘጋችና ሁለት እጇን ላዩ ላይ አስቀመጠች።

ሲስተር ይቆጣሉ ብዬ ነበር። የሆኑት ግን ሌላ ነው፤ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ድንገት አሮጊት ሆኑ።

«ከዚህ የወጣ አስተማሪ ሁሉ ባንቺ ተመዝኖ ነው ያለፈው» አሉ። «እኔ ታዲያ ምን ስመዝን ኖርኩ?»

«ልጄስ ሲስተር?» አለች ተማሪቱ።

ሲስተር መስኮቱን አዩ። «ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» አሉ። «የረዳትነት ቦታው ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የለም። ውሸት ላይ አስተማሪ ላቆም አልችልም።»

ደግ ሴት ነበሩ፤ ይህንን የምለው ለማሽሟጠጥ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት የሠሩት ሥራ በአንድ ካርድ ፈረሰባቸው። የእኔን ቅጽ ግን ሳይሞሉ አልዋሉም። ለመጀመሪያ ጊዜ «ይጠብቃል» ተብሎ ተጽፎልኛል። አለፍኩ።

ግቢው በር ላይ ደረስኩባት። «እትዬ፣ ለምን?» አልኳት።

«ምን ላድርግ? አንተ ዝም አልክ።» ጥቂት ሄደችና ቆመች። «ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ጮክ ብዬ ላንብብ ብዬ ነው። ለአንተ ብቻ ያደረግሁት እንዳይመስልህ።»

ሌላ ቃል አልነገረችኝም። እኔም አልተከተልኳትም። በኋላ ከዘበኛው እንደሰማሁት፣ ልጅቷ ዓመቱን ጨርሳ ወጣች፤ እናቷም «የሠራተኛ ልጆች ቁጥር ተቀነሰ» ብላ ነግራታለች። ተማሪቱን ኮንትራት ድርጅቱ ተቀብሎ ሌላ ሕንፃ መደባት።

እኔ ተመረቅሁ። አባቴ ሱፍ ለብሶ መጣ። በመስከረም በዚያው ከተማ አንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ተሰጠኝ። ሰማንያ ሦስት ልጆች፣ በአንድ ወንበር አራት፣ መስታወት የሌላቸው መስኮቶች። በዚያ ክፍል ሰባት መቁጠር ቀርቶ ሁለት ለመቁጠር የሚሆን ዝምታ አይገኝም። ሲስተር ያስተማሩኝ ሁሉ በሁለት ወር ውስጥ ተሟጦ አለቀ፤ ከድጡ ወደ ማጡ። በታኅሣሥ ዱላ ይዤ ነበር።

ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ቀን ሙሉ መስኮቱን ታያለች። ስጠይቃት ትነሳለች፣ ዝም ትላለች፣ ትቀመጣለች። ደብተሯ ከመስከረም ወዲህ ባዶ ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ካርድ ሲሞላ፣ ሰማንያ ሦስቱን በሁለት ቀን ስጽፍ፣ የእሷ ላይ በቀይ እንዲህ አልኩ፦ «ትምህርቷን ትታለች። የቤት ሥራ አትሠራም። ወላጅ ካላሰበበት ትወድቃለች።» ጽፌ ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

በወላጆች ቀን ጠረጴዛዬ ፊት ሰልፍ ነበር። ወላጅ ካርዱን አይቶ መዝገቡ ላይ ይፈርማል፤ መጻፍ ለማይችል የቀለም ሳጥን አለ። ቀና ስል ልጅቷ ቆማለች። ከኋላዋ የኮንትራት ድርጅቱን ሰማያዊ ሽርጥ እንደለበሰች ተማሪቱ ቆማለች።

ከወንበሬ ብድግ አልኩ። እሷ ግን እኔን በማየቷ ያልተገረመች ትመስል ነበር። «እንደምን ዋሉ መምህር» አለችኝ። አንቱ አለችኝ፤ ይሄ ከሁሉ የባሰ ሆነብኝ። ካርዱን ዘረጋሁላት። ልጅቷ ከመሃል ቀደም ብላ ተቀበለችኝ።

«ቲቸር፣ እናቴ ማንበብ አትችልም፤ እኔ ላንብብላት» አለች።

ካርዱን ከፍ አድርጋ በሁለታቸው ፊት ያዘችው። ቀይ ጽሕፈቴን በጣቷ እየተከተለች፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ያለ አንዲት መደናቀፍ አነበበች።

«ጎበዝ ተማሪ ናት። የቤት ሥራዋን በሰዓቱ ትሠራለች። ወላጅ ሊኮራባት ይገባል።»

ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ዓይኗ ይለምን ነበር። እናትየው ግን ካርዱን እያየች ነው። ዓይኗ ከቀኙ ዳር ሲደርስ ወደ ግራ ሲመለስ፣ አንድ መስመር ሲወርድ፣ እንደገና ሲመለስ አየሁት። እያንዳንዷን ቃል አነበበች። መጨረሻው ላይ ቆመች። «ውሸትሽን ነው» ማለት ትችል ነበር። ያን ካለች ግን ልጅቷ የምትጠይቀው ይታወቃል፤ ማንበብ የምትችዪ ከሆነ እስከዛሬ ለምን ዝም አልሽ ትላለች፣ ያ ደግሞ እየተጎተተ የድሮው ትምህርት ቤት ለምን ቀረ የሚለው ድረስ ይደርሳል። እኔም ብናገር ያው ነው። እኔ ለመናገርማ መቼ በቅቼ አውቃለሁ?

«ጎሽ የኔ ልጅ» አለች። የልጅቷን ራስ ዳበሰች። ብዕሩን ሳትነካ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አስነክታ መዝገቡ ላይ ተጫነች።

ልጅቷ ሸክም እንደወረደላት ወደ በሩ ሮጠች። እናትየው ጎንበስ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። አንቱታው ቀረ።

«የጻፍከው እውነት ነው?»

«እውነት ነው እትዬ። የማን ልጅ እንደሆነች ግን አላወቅሁም ነበር።»

«ብታውቅ ሌላ ነገር ትጽፍ ነበር?»

ከኋላ ያሉት ወላጆች ማጉረምረም ጀምረዋል።

«ከእንግዲህ ለእኔ አትጻፍ» አለች። «እኔ እንደሆንኩ ማንበብ አልችልም። የምትለውን ለራሷ ንገራት።»

ልጅቷ ከበሩ ላይ «እማዬ፣ ነይ እንጂ!» ብላ ተጣራች። እሷም አውራ ጣቷን በሽርጧ ጠርጋ ሄደች።